ስንት ሰዓት ነው?

አቃቂ ገበያ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ቆርቆሮ ሱቅ አለኝ፣ ጥግ ጥጉ ተንዶ።
በሩ ላይ ያጻፍኩት «ሰዓት ይጠገናል»
ዝናብ ልጦት ልጦት «ሰዓት ይ...» ላይ ቆሟል።
ሰው ግን ሰዓት ይዞ አይመጣም ዘንድሮ፤
ስልክ ነው የሚሰጠኝ፣ መስታወቱ ተሰብሮ።
አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ
ጎንበስ ስል አስባለሁ፣ ከሩቅ ተነሥቼ።

ቅድመ አያቴ ጉርሜሳ ሰዓት አያውቅም፤
ጥላውን ግን ያውቃል።
ፀሐይን ለጀርባው ሰጥቶ ይቆምና
የራሱ ጥላ ያረፈባትን ሣር በዓይኑ ይይዝና
ተረከዝ ከጣት፣ ተረከዝ ከጣት፣
ይቆጥራል፦ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።
ሰባት ጫማ! ጫማ ያልነበረው ሰው
ቀኑን በጫማ ነው የጨረሰው።
«ነገ ጥላህ ስምንት ሲሞላ እንገናኝ»
ይባባሉ ነበር፣ ለደቦ፣ ለዳኝነት።
ረጅሙ በረጅም እግሩ፣ አጭሩ በአጭር እግሩ ለክቶ
እኩል ይደርሳል፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ መጥቶ።
ደመና የዋለ ቀንስ?
ደመና የዋለ ቀን ቀጠሮ የለም፤
ያረፈደም የለም።

ከዚያ ሐዲዱ መጣ።
አያቴ ዲሳሳ ጣቢያው ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ፤
ባቡሩ ሲያፏጭ መንደሩ «ቀትር ሆነ» አለ፣ አመነ።
በሬ የሚፈታው ያኔ ነው።
ታዲያ አንዳንድ ቀን፣ ባቡሩ ላም ገጭቶ፣
ወይ ጎርፍ ከፊቱ አፈር ቆልሎ፣ ሲዘገይ፣
ቀትርም አብሮት ይዘገያል።
ፀሐይ መሐል አናት፣ በሬው ቀንበር ተሸክሞ፣
«ገና ነው» ይላል ዲሳሳ፣
በገዛ ጥላው ላይ ቆሞ።

ከዚያ ደግሞ የጨርቃ ጨርቁ ፊሽካ።
እናቴ አስካለ ፈታይ ነበረች፣ በሦስት ፈረቃ፦
ንጋት አሥራ ሁለት፣ ቀን ስምንት፣ ማታ አራት።
ፊሽካው ሲጮህ ጡቷ ያጋታል፤
ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ሳታፍር፣
ማሽኑ ፊት ቆማ ቀሚሷ እንደሚርስ።
እኔም ሜዳውን ተሻግሮ፣ በጎረቤት እቅፍ፣
በዚያው ድምፅ ነቅቼ አለቅሳለሁ።
አንድ ጩኸት ለሁለት ሰው።

እኔ ስጎለምስ ሰዓት እጅ ላይ ወጣ።
ሙሽራ ያለ ሰዓት? እንዴት ብሎ ይመጣ!
ያኔ ነው ሙያውን የያዝኩት።
ሽመልስ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣
እጅጌውን ሰብስቦ የሚሄድ፣ በክረምት ሳይቀር።
ሰዓቱ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤
«ስንት ሰዓት ነው?» ሲሉት
አንዴ እጁን፣ አንዴ ሰርቆ ፀሐይዋን ያያል።

አሁን የጉርሜሳ ሜዳ ኮንዶሚኒየም ነው።
የሕንጻው ጥላ ከሰዓት በኋላ
ሌላው ሕንጻ ላይ ይወጣል፣ በልብስ ማስጫው በኩል፤
ስንት ጫማ እንደሆነ የለካው የለም።
እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፣ እናቴም ከእኛ ጋር።
ፊሽካው ዝም ካለ ስንት ዓመቱ!
እሷ ግን ትነሣለች፣ በአሥራ አንድ፣ በሌሊቱ፤
ምሳ ዕቃ ትቋጥራለች፦ ድንች በቃሪያ፣ ሁለት ዳቦ።
«አረፈድኩ» ትላለች፣ ጫማዋን በዳበሳ ፈልጋ።
የምንመልስላት ቃል የለንም።

በሩ ይንኳኳል። ልጄ ሲፈን ናት፣
ሌሊቱን ጆሮ ማዳመጫ አጥልቃ
ለማታውቀው ሰው ሁሉ «ምን ልርዳዎት?» ስትል አድራ
ድምፅዋ ተዘግቶ የመጣች።
አያቷ ከላይ እስከ ታች አየቻት።
«ፈረቃሽ አለቀ?»
«አለቀ፣ እማማ።»
«በይ፣ ተረካቢሽ እኔ ነኝ፤ ብይና ተኚ።»
ምሳ ዕቃውን ከፈተችላት። ራሷ መስኮቱ ጋ ሄዳ
እጆቿን አንድ ነገር ላይ እንዳስደገፈች ቆመች፣
እስኪነጋ።

ትናንት አንድ ልጅ ስልክ ይዞ መጣ።
«ጋሼ፣ 'ሰዓት ይ...' ምንድን ነው?»
«አንተ ጨርሰው» አልኩት።
አልጨረሰውም። ቸኩሏል።
«ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?»
ወደ በሩ ወጣ አልኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣
አቀርቅሬ አየሁ።
«ሦስት ጫማ ያህል» አልኩት።
ሳቀብኝ፤
በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ።